የሚንኳኳውን የቅርጽ መጋዝ ላሠራው ወይስ ልተካው?

ጥያቄ፦ «ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፤ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ከ9 ዓመት በፊት አሜሪካ ያለችው እህቴ ያገለገለ ስክሮል ሶው፣ ማለትም ቀጭን ምላጭ ወደ ላይና ወደ ታች እየተመላለሰ የሚቆርጥበትን የጠረጴዛ ላይ የቅርጽ መጋዝ፣ ላከችልኝ። ከዋንዛ ጣውላ መስቀል፣ ለልጅ ልጆቼም የፊደል መጫወቻ እየቆረጥሁበት ኖሬያለሁ። ማሽኑ ባለ 20 ኢንች ነው፤ ፍጥነቱ ይስተካከላል፤ በ120 ቮልት ስለሚሠራ በትራንስፎርመር እጠቀምበታለሁ። ከጥቂት ወራት ወዲህ ግን ፍጥነት ስጨምር ቋ ቋ ይላል፤ ምላጭ ቶሎ ቶሎ ይበጥሳል፤ ከመስመሬ ወደ ጎን ይወጣብኛል፤ አንዳንዴም ሞተሩ ይቆራረጥና ጉልበቱ ይወርዳል። አንድ ጥገና ቤት ሳይፈታው ‹ጊዜው አልፎበታል› አለኝ። ዱባይ የሚኖረው ልጄ አዲስ ገዝቼ ልላክልህ እያለ ነው። ልጄን ወጪ ላስወጣው ወይስ ይህንኑ ላሠራው?»

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አስተያየቴን ከወዲሁ ልንገርዎት። ወደ በኋላ ከምጠቅሳቸው ከባድ ጉዳቶች አንዱ ካልተገኘበት በቀር ማሽንዎ ይጠገናል፤ መጠገንም አለበት። ይህን የምለው ለአሮጌ ዕቃ በማዘን አይደለም። የዘረዘሯቸው አራት ችግሮች ከአንድ ምንጭ የመጡ አይመስሉኝም፤ ከአራቱ አንዱ፣ ምናልባትም ሁለቱ፣ የማሽኑ ጥፋት ስላልሆኑ አዲስ ማሽን ቢመጣም ተከትለውት ይመጣሉ። ጥገና ቤቱ የፈረደው በድምፁ ብቻ ነው፤ ድምፁ ደግሞ ከሁሉም የሚያስፈራው ይሁን እንጂ አገር ውስጥ በሚገኝ ዕቃ ሊወገድ የሚችል ነው።

ከመስመር መውጣቱን እናስቀድም። የእነዚህ ማሽኖች ምላጭ ጥርስ ሲወጣለት በአንድ ጎኑ፣ አብዛኛውን ጊዜ በቀኝ በኩል፣ ጥቂት ሸካራ ጠርዝ ይቀርበታል። ያ ጎን ከሌላው የበለጠ ስለሚቆርጥ ምላጩ ወደዚያ ያደላል፤ ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሠራተኞች እንጨቱን ፊት ለፊት ቀጥ አድርገው ሳይሆን ጥቂት ዲግሪ አዙረው ነው የሚገፉት። እርስዎም ለዓመታት ሳያስተውሉት ሲያደርጉት ኖረው፣ የተለየ ምላጭ ሲገዙ እጅዎ የለመደው ማዘንበል ከአዲሱ ጋር አልገጥም ብሎ ይሆናል። መለያው ቀላል ነው፤ በቁራጭ ጣውላ ላይ ቀጥ ያለ መስመር አስምረው በአዲስ ምላጭ ይቁረጡ። መጋዙ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን፣ በተመሳሳይ መጠን ከሄደ ጉዳዩ የምላጩ ነውና አገፋፍዎን ማስተካከል ይበቃል። አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ ከዋዠቀ ግን ወይ ምላጩ አልተወጠረም፣ ወይ መያዣዎቹ ላልተዋል። ውጥረቱን ለማወቅ ምላጩን እንደ ክራር ጅማት በጣት መታ ያድርጉት፤ ጥርት ያለ ቀጭን ድምፅ መስጠት አለበት፤ ከጎን በጣት ሲገፉትም ከ3 ሚሊሜትር በላይ መጉበጥ የለበትም።

እግረ መንገድዎን ጠረጴዛው ከምላጩ ጋር በትክክል 90 ዲግሪ መሥራቱን ይመልከቱ። አጭር ስኳድራ ካለዎት በእርሱ፣ ከሌለዎት ደግሞ ወፈር ባለ ቁራጭ እንጨት ጠርዝ ላይ ጥቂት ገባ አድርገው ይቁረጡና ማሽኑን አጥፍተው እንጨቱን በጠረጴዛው ላይ ወደ ምላጩ ጀርባ ያዙሩት። የምላጩ ጀርባ በቆረጡት ስንጥቅ ውስጥ ሳይነካካ ከገባ ጠረጴዛው ትክክል ነው። ካልገባ ጠረጴዛው ያዘነበለ ነው፤ ይህም በወፍራም ጣውላ ላይ መስቀሉን ከላይ አንድ መጠን፣ ከታች ሌላ መጠን ያደርግብዎታል።

ወደ ምላጩ መበጠስ እንለፍ። እዚህ ላይ የተበጠሱትን እንዳይጥሏቸው እለምንዎታለሁ፤ ስብራታቸው ብዙ ይናገራልና። ምላጩ የተበጠሰው ከመሐሉ፣ እንጨቱን በሚቆርጥበት ቦታ ከሆነ፣ ወይ ደንዟል፣ ወይ ከመጠን በላይ ተወጥሯል፣ ወይ እርስዎ አጥብቀው እየገፉት ነው። ዋንዛ ለመጋዝ ገር ቢሆንም ወይራ የመሰለ ጠንካራ እንጨት ሲቆረጥ የአንድ ምላጭ ዕድሜ በሰዓት ሳይሆን በደቂቃ ነው የሚቆጠረው፤ ሳይበጠስ በፊት መለወጥ ብክነት አይደለም። ስብራቱ በላይኛው ወይም በታችኛው መያዣ ጥግ ላይ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ መያዣው ምላጩን አጣሞ ይዞታል ወይም ከክንዱ ጋር እንደ ልቡ አይዞርም ማለት ነው። መያዣውን ይፍቱት፤ ምላጩን የሚጫነው የብሎን ጫፍ ለዓመታት ሲጫን ተቦርቡሮ ወይም ተንሻፎ ሊያገኙት ይችላሉ። በጥሩ ሊማ ደልድለው መልሰው ቢያስገቡት ይበቃል፤ ጥርሱ ከላሸቀ ደግሞ ተመሳሳይ ብሎን ይፈልጉለት። ከፋብሪካ የወጣ ምላጭ ስስ ዘይት ስለሚቀባ መያዣው ውስጥ ይንሸራተታል፤ ጫፎቹን በብርጭቆ ወረቀት አንድ ጊዜ ሳብ ማድረግ ዘይቱንም ያነሣል፣ መያዣውም እንዲቆነጥጠው ይረዳል። የምላጩንም ቁጥር፣ ማለትም የውፍረቱን ደረጃ፣ ይመልከቱ። ለ6 ሚሊሜትር ኮምፔንሳቶ የሚሆነው ቁጥር 1 ወይም 3 ምላጭ 20 ሚሊሜትር የዋንዛ ጣውላ ሲገባበት መበጠሱ ሊያስገርመን አይገባም፤ ለእንዲህ ያለው ውፍረት ቁጥር 5 ወይም 7 ይሻላል።

አሁን ቋ ቋ ወደሚለው ድምፅ እንምጣ፤ የጉዳዩ እምብርት እዚህ ነውና ጥቂት ልዘግይበት። ባለ 20 ኢንች ማሽኖች ሁሉም አንድ ዓይነት አሠራር የላቸውም። በአንዳንዶቹ ላይና ታች ያሉት ረጃጅም ክንዶች ራሳቸው ይወዛወዛሉ፤ በሌሎቹ ደግሞ ትልቁ ክንድ ሳይንቀሳቀስ በውስጡ ያሉ ዘንጎች ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተመላለሱ ከፊት ያሉትን አጫጭር ክንዶች ያንቀሳቅሳሉ። በሁለቱም ዓይነት የሞተሩ ዙር ወደ ምልልስ የሚለወጠው ከሞተሩ ዘንግ መሐል ወጣ ብሎ በተተከለ ክፍል ነው፤ እንቅስቃሴው በሚተላለፍበት በየመገጣጠሚያው ደግሞ ኩሽኔታ ወይም የነሐስ ቡሽ፣ ማለትም ዘንግ የሚገባበት ቀለበት፣ አለ። ምላጩ ጫፍ ደርሶ አቅጣጫ በሚለውጥበት ቅጽበት በየመገጣጠሚያው ያለው ጫና ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ይዞራል፤ እዚያ ላይ የፀጉር ያህል ክፍተት ካለ ብረት ከብረት ይጋጫል። በደቂቃ 1,000 ምት ሲሠራ አቅጣጫ የሚለወጠው 2,000 ጊዜ ስለሆነ፣ በዝቅተኛ ፍጥነት የማይሰማው ክፍተት ፍጥነት ሲጨመር ያን የሚያስደነግጥ ድምፅ ያወጣል። ክፍተቱ የመጣው ብረቱ ስላረጀ ላይሆን ይችላል፤ ግራሶው ደርቆና ከሰጋቱራ ጋር ተቦክቶ ኩሽኔታውን ስላስራበው ይሆናል።

ለመመርመር አስቀድመው ሶኬቱን ይንቀሉ፤ ማጥፊያውን መጫን ብቻ አይበቃም። ምላጩን አውጥተው የላይኛውን መያዣ በሁለት ጣት ይያዙና ወደ ላይና ወደ ታች፣ ቀጥሎም ወደ ግራና ቀኝ ያነቃንቁት፤ የታችኛውንም እንዲሁ። ሞተሩ ሳይዞር የሚላወስ ነገር ከተሰማዎት ሌላው እጅዎን በየመገጣጠሚያው ላይ እያሳረፉ ይከታተሉት፤ የትኛው እንደላላ ጣትዎ ይነግርዎታል። ከዚያ ሞተሩን በእጅ ቀስ ብለው ያዙሩት። ሙሉው ዙር እኩል ሊለሰልስ ይገባል፤ አንድ ቦታ ላይ የሚያዝ ከሆነ ኩሽኔታው ተበልቷል። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ማሽኑ ከቆመበት ጠረጴዛ ጋር የታሰረባቸውን ብሎኖች ማጥበቅ አይርሱ፤ ላልቶ የተቀመጠ ማሽን ጤነኛም ቢሆን ይጮኻል፤ ቀላል ጠረጴዛም ንዝረቱን ያጎላዋል።

የላላውን መገጣጠሚያ ሲፈቱ በየደረጃው በስልክዎ ፎቶግራፍ ያንሡ፤ ብሎኑን፣ ሮንዴላውንና ቀለበቱን በአወጣጣቸው ቅደም ተከተል በትሪ ላይ ይደርድሩ። ከስስ ሮንዴላዎቹ አንዷ ብትጠፋ ወይም ቦታ ብትለዋወጥ ክንዱ ተጣሞ ስለሚገጠም አዲስ ችግር ይፈጠራል። የደረቀውን ግራሶ በነጭ ጋዝ አጥበው ሲያደርቁት ኩሽኔታው ያለ ክፍተት የሚዞር ከሆነ ዕድለኛ ነዎት፤ ጥቂት የሊቲየም ግራሶ ቀብተው መልሰው ይግጠሙት። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ጠብ ማድረግ በአገራችን የተለመደ ነው፤ እኔ ግን አልደግፈውም፤ ዘይቱ ወዲያው ወርዶ ያልቃል፣ የሚቀረውም ሰጋቱራ ይሰበስባል፣ ጣውላዎንም ያቆሽሻል።

ኩሽኔታው ካለቀ ደግሞ አሮጌውን ይዘው ወደ ኩሽኔታ ሻጭ ይሂዱ፤ ባሕር ዳር ካጡት መርካቶ አይጠፋም። ሻጩ የሚፈልገው የማሽኑን ስም ሳይሆን በኩሽኔታው ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ወይም ሦስቱን ልኮች፣ ማለትም የውስጥ ዲያሜትር፣ የውጭ ዲያሜትርና ስፋት ነው። ለምሳሌ 608 የሚባለው ባለ ኳስ ኩሽኔታ ውስጡ 8፣ ውጩ 22፣ ስፋቱ 7 ሚሊሜትር ሲሆን፣ ኤችኬ 0810 የሚባለው ባለ መርፌ ኩሽኔታ ደግሞ ውስጡ 8፣ ውጩ 12፣ ስፋቱ 10 ሚሊሜትር ነው። ባለ ኳስ ከሆነ ሁለቱም ጎኑ በጎማ የተዘጋውን ይምረጡ፤ ሰጋቱራ የሚበዛበት ሥራ ነውና። ጥንቃቄ የሚያሻው አንድ ነገር አለ፤ ማሽንዎ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ እንደ መሆኑ አንዳንድ ልኮቹ በኢንች ሊሆኑ ይችላሉ። የኢንች ሦስት ስምንተኛ 9.5 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ «10 ይሆናል» ተብሎ የተገጠመ ኩሽኔታ ገና ከመጀመሪያው የላላ ነው። በካሊብሮ፣ ማለትም ውስጥና ውጭ ዲያሜትርን በሚለካው መሣሪያ፣ ሳይለኩ አይግዙ።

በኢንች ልክ የሚገኝ ከጠፋ፣ ወይም መገጣጠሚያው ባለ ቡሽ ከሆነ፣ ቶርኖ ቤት ሄደው ከነሐስ ቡሽ ያስወጡለት። ሲሄዱ አሮጌውን ቡሽ ብቻ ሳይሆን በውስጡ የሚገባውንም ዘንግ ይውሰዱ፤ ባለሙያው ልኩን ከአለቀው ቡሽ ላይ ከወሰደ ያለቀ ቡሽ ነው የሚሠራልዎት። ዘንጉን በጥፍርዎ ያስሱት፤ ቦይ ካወጣ እርሱም መለወጥ አለበት።

ሞተሩ እየተቆራረጠ ጉልበት ማጣቱ ከድምፁ የተለየ ጉዳይ ነው። ፍጥነታቸው የሚስተካከል ብዙዎቹ ማሽኖች ባለ ካርቦን ሞተር፣ ማለትም በሁለት የካርቦን ቁራጮች አማካይነት ኤሌክትሪክ ወደሚዞረው ክፍል የሚደርስበት ሞተር፣ አላቸው፤ ካርቦኑ ሲያጥር ከኋላው ያለው ሞላ እንደ ቀድሞው ስለማይገፋው ንክኪው ይቆራረጣል፣ የእሳት ፍንጣሪም ይበዛል። በሞተሩ ግራና ቀኝ ያሉትን ክዳኖች በካቻቢቴ ፈተው ካርቦኖቹን ያውጡ። ርዝመታቸው ከ6 ሚሊሜትር በታች ከሆነ ሁለቱንም በአንድነት ይለውጧቸው። የራሱ ካርቦን ባይገኝም አይጨነቁ፤ ለትራፓኖ ወይም ለመቁረጫ ማሽን የሚሸጥ ጥቂት ከፍ ያለ ካርቦን በብርጭቆ ወረቀት ላይ እያሹ ወደ ልኩ ማምጣት ይቻላል፤ ቤቱ ውስጥ ሳይጣበቅ በራሱ ክብደት እስኪንሸራተት ድረስ ብቻ ይሹት። ካርቦኑ ረጅም ሆኖ ሞተሩ አሁንም ከተቆራረጠ ተጠርጣሪው የፍጥነት መቆጣጠሪያው ካርድ ነውና ለኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ያሳዩት።

ትራንስፎርመርዎንም ሳልጠይቅ አላልፍም። በማሽኑ ጀርባ ካለው ጽሑፍ አምፔሩን ያንብቡ፤ 1.3 አምፔር በ120 ቮልት 156 ዋት ይሆናል፤ ለዚህ 300 ዋት ትራንስፎርመር ምቹ ሲሆን 150 የተጻፈበት ግን ሁልጊዜ ይጨነቃል። በማሽኑ ሥራ መሐል በቴስተር የሚወጣውን ቮልት ይለኩ፤ በተለይ በምሽት መብራቱ ሲደክም ሞተሩም አብሮት የሚደክም ከሆነ በሽታው የማሽኑ አይደለም። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ የአሜሪካውን 60 ኸርዝ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚመላለስበትን ቁጥር፣ ከእኛ 50 ጋር አያስታርቅም፤ ይህ ለባለ ካርቦኑ ሞተር ችግር አይፈጥርም። ካርቦን የሌለውና ፍጥነቱ አንድ ብቻ የሆነው አሮጌ ዓይነት ግን እዚህ ሲመጣ ከፍጥነቱ አንድ ስድስተኛውን ያጣል፣ ከመጠን በላይም ይሞቃል፤ እርስዎን ባይመለከትም ከአሜሪካ ሊያስልኩ ያሰቡ ሌሎች አንባቢዎች ይህን ልብ ይበሉ።

መጠገኑን ትተው እንዲተኩት የምመክርዎ በሚከተሉት ሁኔታዎች ነው። ክንዱ ወይም የማሽኑ አካል ተሰንጥቆ ከተገኘ፤ አሉሚኒየም ብየዳው ቢያዝ እንኳ ንዝረቱን ለረጅም ጊዜ የሚችል አይመስለኝም። ኩሽኔታው የሚቀመጥበት ቀዳዳ ሞላላ ሆኖ ከሰፋ፤ ቶርኖ ቤት አስፍቶ ቀለበት ሊያገባበት ይችላል፣ ነገር ግን ላይና ታቹ ክንድ በአንድ መስመር መቆማቸው ከተዛባ ምላጩ ዕድሜ ልኩን ሲበጠስ ይኖራል። ሞተሩም ካርዱም አብረው ከተቃጠሉ እንዲሁ ይተውት፤ ከሁለቱ አንዱ ብቻ ከሆነ መፍትሔ አይጠፋም።

እንግዲህ ስለ ልጅዎ ሐሳብ። ዱባይ የሚሸጠው ማሽን በ230 ቮልትና በ50 ኸርዝ ስለሚሠራ ከትራንስፎርመር ይገላግልዎታል፤ ሶኬቱ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው ስለሆነ መለወጥ ብቻ ያሻዋል። ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው። ሥጋቴ ግን ልጅዎ በቅንነት መደብር ገብቶ አዲስነቱን አይቶ የሚገዛው ቀላሉን ባለ 16 ኢንች እንዳይሆን ነው። እንዲህ ያሉት ማሽኖች አሜሪካ ውስጥ ከ100 እስከ 200 ዶላር የሚሸጡ የጀማሪ መሣሪያዎች ናቸው፤ ስለማይከብዱም ንዝረታቸው ይበዛል። እንደ ሄግነር ያሉት የጀርመን ማሽኖች ግን ከዚህ እጅግ የከበደ ዋጋ አላቸው። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት የማያውቅ ሰው ባለ 20 ኢንች ማሽንዎን በርካሹ ሊተካልዎት ይችላል። 20 ኢንች ማለት ከምላጩ እስከ ኋላው የክንድ ምሰሶ ድረስ ያለው 50 ሴንቲሜትር ያህል ባዶ ቦታ ነው፤ ትልቅ መስቀል እያዞሩ ለሚቆርጥ ሰው የ10 ሴንቲሜትር መቀነስ ይሰማዋል።

ከሁሉ በላይ የምላጩን አያያዝ ይጠይቁት። አንዳንድ ርካሽ ማሽኖች የሚቀበሉት ጫፍና ጫፉ ላይ አግዳሚ ስፒል ያለውን ምላጭ ብቻ ነው። ይህን ምላጭ በእንጨቱ ውስጥ ለማሳለፍ 5 ወይም 6 ሚሊሜትር ቀዳዳ መብሳት ግድ ይላል፤ ስፒል የሌለው ምላጭ ግን 1.5 ሚሊሜትር ቀዳዳ ይበቃዋል። የላሊበላ መስቀልን የመሰለ በጠባብ ክፍት ቦታዎች የተጠላለፈ ሐረግ የሚቆርጥ ሰው በ6 ሚሊሜትር ቀዳዳ ምን ይሠራል? ስፒል አልባ ምላጭ የማይቀበል ማሽን በነፃ ቢሰጥዎት እንኳ ለእርስዎ ሥራ አይሆንም።

አንድ ነገር በቅንፍ ልጨምር። ሰጋቱራውን ከመስመሩ ላይ እፍ የሚለው የጎማ ከረጢት እነዚህ ማሽኖች ሲያረጁ ይሰነጠቃል፤ እርስዎም መስመሩ አልታይ እያለዎት በአፍዎ እፍ እያሉ ከሆነ ያቁሙ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም የእንጨት ብናኝን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች መድቦታል። ለዓሣ ማርቢያ መስታወት የሚሸጠው ትንሽ የአየር ፓምፕ በቀጭን ቱቦ ሲቀጠል የከረጢቱን ሥራ ይሠራል፤ እርስዎም አፍንጫና አፍ የሚሸፍን ጭምብል ያድርጉ።

እንግዲህ ለልጅዎ ሲደውሉ ማሽኑን ለጊዜው እንዲያቆየው ይንገሩትና ሌላ ነገር ይዘዙት፦ 127 ሚሊሜትር ርዝመት ያላቸው፣ ስፒል የሌላቸው፣ ከታች በኩል ጥቂት ጥርሶቻቸው ወደ ላይ የዞሩ ምላጮች፣ ከቁጥር 3 እና ከቁጥር 5 በርከት አድርጎ፣ ከቁጥር 7 ጥቂት። እነዚያ የዞሩ ጥርሶች የጣውላውን የታች ፊት ከመሰንጠር ስለሚያድኑ መስቀሉን በብርጭቆ ወረቀት የሚያሹበትን ጊዜ ያሳጥሩልዎታል። ኩሽኔታዎቹን ፈተው ከለኩ በኋላም ባሕር ዳርና መርካቶ ያጡትን የኢንች ልክ ከነቁጥሩ ይላኩለት፤ ዱባይ የኢንች ኩሽኔታ ማግኘት አይከብድም፣ በኪስም ይመጣል።